መብራቱ በርቶ ዝም ያለው ደወል

«እኔ የሰቀልኩት ደወል ካምፓላ ብትሰምጥ እንኳ ይጮኻል!»

ሲቲና ይህን ያለችው ካቻቢቴዋን እንደ እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ አገጯን ወደ ኮርኒሱ አቅንታ፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማት ነበር። ቤቱ ሙየንጋ ኮረብታ ላይ ያለው የሀጂ ሙሐመድዘይን ቤት ነው። ሀጂ የወሎ ሰው ናቸው። ናካዋ ውስጥ የታወቀ የቅመም መደብር አላቸው፣ ደረታቸው ውስጥ ደግሞ የማይለቅ አስም። ትንፋሽ ሲያጥራቸው በሻይ ማንኪያ ጣሳ ይቀጠቅጡ ነበር። የሚያስታምሟቸው ዛሂዳ፣ የሲቲና እናት፣ የጣሳውን ድምፅ ሲሰሙ የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ።

ሲቲና ግን ሳቀች። «በዚህ ዘመን ጣሳ የሚመታ ሀጂ! ሰው ይስቅብናል» ብላ ማንኪያዋን ወደ ኩሽና መለሰች። በምትኩ ከአልጋው ራስጌ አንዲት ነጭ ቁልፍ፣ ጓሮ ካለው ኩሽና ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁር ሳጥን ገጠመች። ቁልፏ ስትጫን ሳጥኑ በዋይፋይ ሰምቶ እሪ ይላል። ሰው አጨበጨበላት። እሷም ጭብጨባ ሲመጣ ገለል የምትል ልጅ አይደለችም።

ከወራት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ካምፓላ አልሰመጠችም። የዘነበው ዝናብ ብቻ ነበር።

ዛሂዳ ሾርባ ይዘው ወደ መኝታ ቤቱ ሲገቡ ሀጂን ግማሽ ገላቸው ከአልጋው ወርዶ፣ አፋቸው አየር እየጠራ እንደተከፈተ አገኟቸው። አውራ ጣታቸው ነጯን ቁልፍ ተጭኖ ቀርቷል። የትንፋሽ ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ፣ እጃቸው ሊደርስበት ትንሽ ሲቀረው፣ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል።

ሲቲና ያን ሰዓት ንቲንዳ፣ በምትሠራበት የሞባይል ጥገና ኪዮስክ ውስጥ ነበረች። ትምህርቷን ሰባተኛ ክፍል ላይ ትታለች፤ ስታወራው ግን ትምህርት ቤቱን ራሷ ያባረረችው ይመስላል። ስልኳ ጠራ።

«ሲቲ» አሉ እናቷ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም። «ሀጂ አረፉ። ፖሊስ መጥቷል። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው።»

ሲቲና የጀመረችውን ስልክ እንደተፈታ ጥላ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተፈናጠጠች።

መኝታ ቤቱ ስትደርስ ሬሳው በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል። አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ቀጭን ሴት መስኮቱ ሥር ቆማለች። እዚህ አገር ለፖሊስ አለቃ እንደሚባለው ሁሉም «አፋንዴ» ይላታል። የሀጂ አንዲት ልጅ ኻሊዳ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች። ሙሀነድ አልጋው አጠገብ ቆሟል። የሀጂ የወንድም ልጅ ነው፤ ሀጂ አሳድገውት የናካዋውን መደብር የሚመራላቸው እሱ ነው። በሩ ላይ ደግሞ የጓሮው ክፍል ተከራይ ቃለጽድቅ መነጽሩን ይጠርጋል፤ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው፣ ቢሮው አብዛኛውን ጊዜ መኝታ ቤቱ ነው።

«አፋንዴ፣ ይስሙ» አለ ሙሀነድ በእንግሊዝኛ። ነጯን ቁልፍ ተጫነ።

ከጓሮው ኩሽና ሳጥኑ እሪ አለ። ኻሊዳ ደንግጣ ዘለለች።

«ደወሉ ይሠራል። መብራቱም አረንጓዴ ነው። ያልሠራችው ሴትዮዋ ናት።»

«አልጮኸም!» አሉ ዛሂዳ። «ወላሂ አልጮኸም! ከሳጥኑ ሥር ቆሜ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል እንጂ ደወል የሚባል አልሰማሁም።»

«ከኩሽና አልወጣሽም?» አለች አፋንዴ።

«ሾርባው እስኪደርስ አልወጣሁም።»

«እውነቷን ነው፤ አልወጣችም» አለ ሙሀነድ ስልኩን አውጥቶ። «እኔ ናካዋ መደብር ነበርኩ፤ የግቢውን ካሜራ በስልኬ በቀጥታ እያየሁ። ዝናቡ ሲጀምር ጃንጥላ ይዛ ወደ ኩሽና ስትሮጥ አይቻታለሁ። ሾርባውን ይዛ እስክትወጣ ድረስ ሰው አልገባም፣ ሰው አልወጣም። ታዲያ ወይ ተኝታለች፣ ወይ ሰምታ እንዳልሰማች ሆናለች።»

አፋንዴ ዓይኗን ጨፍና አሰበች። «ሬሳ ሳይቀበር ከለቅሶ ቤት ሰው አልወስድም» አለች። «ነገ ቀብሩ ሲያልቅ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ፣ እማማ።»

ዛሂዳ ያላቸው ወረቀት አንድ የስደተኛ መታወቂያ ነው፤ ሊያገቧቸው ቀን የቆረጡት ሀጂ ሞተዋል፤ ያላቸው ሰው አንዲት ሲቲና። የሰው ነፍስ በማጥፋት ተጠርጥሮ የገባ ስደተኛ መቼ እንደሚወጣ ማንም በግቢው አያውቅም፤ ሁሉም ግን አንድ ያልወጣ ሰው ያውቃል።

አመሻሹ ላይ ሲቲና ቁልፏን ተጫነች። ሳጥኑ ጮኸ። እንደገና ተጫነች። ጮኸ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራችው ዕቃ እንዳይሠራ አላህን ለመነች። ዕቃው ግን እንደ አምባሳደር ልጅ ጨዋ ሆኖ በታዘዘ ቁጥር ይጮኻል። የገዛ ደወሏ በእናቷ ላይ ይመሰክራል።

«እማ» አለች በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር እንዴ?»

ዛሂዳ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺም?» አሉ።

ያቺ አንዲት ቃል ከጥፊ በላይ አመመቻት። ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች።

ግቢው በለቅሶ ደራሽ ሞልቷል። የገባው ሁሉ «አላህ ይርሐማቸው» ይልና ትንሽ ቆይቶ «ፓስወርዱ ምን ነበር?» ይላል፤ ለደሴ ዘመድ መርዶ የሚሄደው በዋይፋይ ነዋ። ቃለጽድቅ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ለሁሉም ፓስወርድ ያድላል።

«ጋሽ ቃለጽድቅ፣ ዛሬ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር?»

«ኧረ ምን ተቋርጦ! ረፋዱን ሙሉ ከአለቆቼ ጋር በቪዲዮ ስነታረክ ነው የዋልኩት።»

ሲቲና ልትመለስ ዞረች።

«ፕሪንተሩ ነው ጉድ የሠራኝ» አለ ቃለጽድቅ አንገቱን ደፍቶ። «ረፋዱን እምቢ አለኝ። ብነቅለው፣ ብሰካው፣ ብቆጣው፣ ብለምነው፣ ወይ ፍንክች! በኋላ እናትሽን ሰምታ የደረሰችው ኻሊዳ ‹አባዬ!› ብላ ስትጮህ ሮጬ ሄድኩ። ወዲያው ለሙሀነድ ደወለችለት። ስመለስ ምን ባይ ጥሩ ነው? ማንም ሳይነካው ያን ሁሉ ወረቀት ይተፋል። ግቢው በዋይታ ተናውጦ የእኔ ፕሪንተር ሠርግ ላይ ነው። አፈርኩ፣ ልጄ።»

ሲቲና መነጽሩን ከፊቱ ልትነጥቀው እስኪመስል ተጠጋችው። «ያን ፕሪንተር የገጠመልዎት ማነው?»

«አንቺ ነሻ! ‹ዘላለም አይበላሽም› ብለሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ቤት ዋይፋይ እንደ ተራ ዋይፋይ አይደለም፤ ንቲንዳ ያለ አንድ ኩባንያ ከሩቅ ያስተዳድረዋል። እንደ ዘበኛ አስቡት። የሚገባው ስልክ ሁሉ ዘበኛውን «ቁጥር ስጠኝ» ይለዋል፣ ይሰጠዋል፣ ያልፋል። ሲቲና የገጠመቻቸው ዕቃዎች ግን እሷን ነው የሚመስሉት፤ ማንንም አይጠይቁም። ቦታቸው እንዳይጠፋ ብላ ቋሚ ቁጥር በእጇ አስገብታላቸዋለች፤ በሙያው ስታቲክ አይፒ የሚባለውን። የአልጋው ራስጌ ቁልፍ የኩሽናውን ሳጥን የምትፈልገው በዚያው ቁጥር ነው። ፕሪንተሩም ቋሚ ቁጥር አለው። ታዲያ ኢንተርኔት ደህና እየሠራ ፕሪንተሩ ብቻ ሞቶ ከተነሳ፣ ደወሉስ?

በማግስቱ ጠዋት ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ወደ መቃብር ሲወጡ ሲቲና ለኩባንያው ደወለች። አንድ ወጣት አነሳ።

«ዋይፋዩ ላይ ቋሚ ቁጥር ያላቸውን ዕቃዎች ብቻ የሚያግድ ነገር አለ?»

«አለ። ሲበራ፣ ከእኛ ቁጥር ያልጠየቀ ዕቃ አያልፍም። ፓስወርዱን ስለሚያውቅ ይገናኛል፣ መብራቱም አረንጓዴ ይሆናል። ግን መልእክት ወደ እሱ አይደርስም፣ ከእሱም አይወጣም።»

«ትናንት በርቶ ነበር?»

«ረፋድ ላይ በርቷል። ከቀትር በኋላ ጠፍቷል።»

«ማነው ያበራው?»

«በእናንተው አካውንት ነው። ስሙ... ሙሐመድዘይን ይላል።»

ሀጂ! ስልክ ሲጠራ የትኛውን ልንካ ብለው ኻሊዳን የሚጠሩት ሀጂ!

ኻሊዳን ከሴቶቹ መሀል ጎትታ ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻት። «የአባትሽን የዋይፋይ አካውንት መክፈት የሚችል ማነው?»

«እኔ። ሙሀነድ። ሲበላሽ ስለሚያይልን ጋሽ ቃለጽድቅም።»

«ኻሊዳ፣ አትቆጪኝና... አባትሽ እማን ሊያገቡ መሆኑ አላናደደሽም?»

ኻሊዳ በዕንባዋ መሀል አፈጠጠችባት። «የኒካሁን ቀሚስ ያሰፋሁላት እኔ አይደለሁም እንዴ? አባዬ ማታ ማታ የሚያወራው ሰው አገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሙሀነድ ነው መጀመሪያ ‹አስታማሚ እንዴት የቤት እመቤት ትሆናለች?› ብሎ ያበደው። ኋላ ግን እሱም ልቡ ተመለሰ። እሁድ ዕለት መሰላል አውጥቶ ‹ቤቱ ለኒካሁ ማማር አለበት› ብሎ ቡገንቪላውን ሲከረክም ዋለ። ውሃ እንኳ አጠጥቶት የማያውቀውን!»

«ጋሽ ቃለጽድቅስ?»

«እሱማ ከፍቶት ነበር። አባዬ ክፍሉን እንዲለቅ ነግሮታል። ለአንቺ ታስቦ ነው።»

ሲቲና ቀሪውን አልሰማችም። ወንዶቹ ከመቃብር ሲመለሱ በር ላይ ጠብቃ ቃለጽድቅን ከነጭቃ ጫማው ወደ ጥግ ገፋችው።

«አገኘሁዎት! እርስዎ ነዎት! ከቤት ሊያስወጡዎት ነበር፤ አካውንቱን ያውቃሉ፤ ኮምፒውተር ያውቃሉ። እናቴን ሊበሏት ነው!»

ቃለጽድቅ መነጽሩን አወለቀ። አልተቆጣም፤ የደከመው ሰው ነው። «አንቺ ልጅ፣ እስኪ ረጋ ብለሽ አስቢ። ቋሚ ቁጥር ያለውን ሁሉ የማግድ እኔ ብሆን፣ መጀመሪያ ፕሪንተሬን አላድንም? ሥራዬ እኮ ነው የቆመው። አለቃዬ እስካሁን አልማረኝም።»

ሲቲና ወደ ኋላ አለች። እፍረቱ ጆሮዋ ድረስ ወጣ። አፋንዴ ልትደርስ ነው፣ እሷ ደግሞ ንጹሕ ሰው ስትሰድብ ጊዜዋን ጨረሰች። ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለችና ፊቷን በጉልበቷ ደበቀች። እናቷን በብረት ታስረው ስታያቸው፣ ኪዮስኩን ዘግታ እስር ቤት በር ላይ ምግብ ይዛ ስትሰለፍ፣ ሁሉም በዓይኗ መጣ።

ከዚያ ቀና አለች። መጀመሪያ የራሱን ዕቃ ያዳነ!

በዚህ ግቢ ቋሚ ቁጥር የሰጠቻቸው ዕቃዎች ሦስት ናቸው፤ ደወሉ፣ ፕሪንተሩ፣ እና እዚህ ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካሜራ። ደወሉ ዝም አለ። ፕሪንተሩ ሞተ። ካሜራውስ?

ብድግ ብላ ቡገንቪላውን ገለጠች። እሾኩ ክንዷን ቧጨራት፣ አላየችውም። ተክሉ ሌላው ቦታ እንደ ጫካ አድጎ ተንዠርግጓል፤ የተከረከመው ከካሜራው የዋይፋዩ ማሽን እስካለበት ኮሪደር መስኮት ድረስ በአንድ መስመር ብቻ ነው። በዚያ መስመር አንድ ግራጫ ገመድ ተጋድሟል። ግድግዳው ሙሉ የሸረሪት ድር ነው፤ ገመዱ ላይ አንዲትም የለችም።

የበሩ ብረት ተንኳኳ። አፋንዴ ነበረች።

ሳሎኑ ውስጥ ሁሉም ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ዛሂዳ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ትንሽ ቦርሳቸውን ይዘው፣ ለመሄድ ተዘጋጅተው ቆመዋል። ለእንግዶቹ ሻይ ሲያማስሉበት የነበረው ማንኪያ እጃቸው ላይ ቀርቷል።

«አፋንዴ፣ ሻይ እስኪጠጡ ብቻ!» አለች ሲቲና በር ላይ ቆማ። «ከዚያ ያልኩት ሐሰት ከሆነ እኔንም ጨምረው ይውሰዱኝ።»

«ለቅሶ ቤት ነው፤ የልጅ ጨዋታ አቁሚ» አለ ሙሀነድ።

አፋንዴ ተቀመጠች። «ሻይ እወዳለሁ» አለች።

ሲቲና ጥቁሩን ሳጥን ከኩሽና አምጥታ ሳሎኑ ሶኬት ላይ ሰካችው። አረንጓዴ በራ። ነጯን ቁልፍ ተጫነች፤ ሳጥኑ እሪ አለ።

«ትናንት ያያችሁት ይህን ነው። ኻሊዳ፣ አሁን በስልክሽ አካውንቱን ክፈቺና ‹ቁጥር ያልጠየቀ አይለፍ› የሚለውን አብሪው።»

ኻሊዳ አበራችው። ሲቲና ቁልፏን ተጫነች። ሳጥኑ ዝም አለ። ደጋግማ ተጫነች። አረንጓዴዋ መብራት ፍዝዝ ብላ ታያቸዋለች፤ ድምፅ የለም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሁሉም የሀጂን አውራ ጣት አሰበ። ኻሊዳ አፏን በእጇ ያዘች።

«መብራቱ ‹ዋይፋይ ውስጥ ገብቻለሁ› ይላል እንጂ ‹እሰማለሁ› አይልም» አለች ሲቲና። «ሀጂ ጠርተዋል። እናቴ ጋ አልደረሰም። ከኩባንያው ጠይቄያለሁ፤ ትናንት ረፋድ ይህ ነገር በርቷል፣ ሀጂ ከሞቱ በኋላ ጠፍቷል። ጋሽ ቃለጽድቅ፣ ፕሪንተርዎን ይሞክሩልን።»

ቃለጽድቅ ሮጦ ወጣ። ከጓሮ ድምፁ መጣ። «እምቢ አለ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ እምቢ አለ!»

«ትናንትም እንዲሁ እምቢ ብሏቸው ነበር። ኻሊዳ ሀጂን አይታ ስትጮህ፣ ለሙሀነድ ስትደውል፣ ወዲያው ተነሳ። ያበራው ሰው ያን ጊዜ አጠፋው፤ ፖሊስ ሲመጣ ደወሉ እንዲጮኽ። አካውንቱን የሚያውቁት ሦስት ናቸው። ኻሊዳ ኒካሁን ወድዳዋለች። ጋሽ ቃለጽድቅ የገዛ ሥራቸውን አይገድሉም። ሙሀነድ፣ እስኪ የግቢውን ካሜራ አሳየን።»

ሙሀነድ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ጨበጠ። «ለምን?»

«ትናንት በቀጥታ አየሁ ያልክበትን።»

አፋንዴ ሻይዋን አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። ስልኩ ቀስ ብሎ ከኪስ ወጣ። ማያው ላይ ግቢው ወለል ብሎ ይታያል። በሩ ላይ አንድ የቦዳ ሾፌር በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላሉን፣ ሮሌክሱን፣ እየገመጠ ነው። ሁሉም በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ሾፌሩ እዚያው ነው፤ አሁን ይገምጣል።

«ካሜራውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለች ሲቲና። «ያለ ገመድ ነው፣ በቋሚ ቁጥር ነው። ትናንት ከደወሉና ከፕሪንተሩ ጋር መሞት ነበረበት። አሁንም ሞቶ መታየት ነበረበት። ግን ከቡገንቪላው ሥር እሁድ ዕለት የተጎተተ ገመድ አለ፤ እገዳው በገመድ የመጣውን አይነካም። ይህ ነገር ሲበራ ቋሚ ቁጥር ያለው ዕቃ እንደሚሞት የሚያውቅ ሰው ካሜራውን አስቀድሞ አዳነው። ደወሉን ግን ተወው።»

ሙሀነድ ኮርኒሱን አየ፣ በሩን አየ፣ አፋንዴ ግን ተነስታ በሩን ዘግታ ቆማለች።

«እንዲሞት አልነበረም!» አለ። «የሰፈር ልጆች ዋይፋዩን ሲጨርሱት ልከልክል ብዬ አንድ ቀን አበራሁት፣ ካሜራው ጠፋብኝ። ኩባንያው ምክንያቱን ነገረኝ። እኔ... አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቷት እንድትቀርበት ነበር። ‹ይህቺ አትሆነኝም› ብሎ ኒካሁን እንዲተወው። ሲቸገር ጮኾ ይጣራል፣ ትሰማዋለች ብዬ... ዝናብ ይዘንባል ብዬ መች አሰብኩ! ያሳደገኝ እኮ እሱ ነው!»

«ትናንት እዚያው ቆመህ እኔን እስር ቤት ትልከኝ ነበር» አሉ ዛሂዳ። የተቆጡም አይመስሉም፤ ድምፃቸው ባዶ ነው።

ኻሊዳ ተነስታ ሙሀነድን በጥፊ ልትመታው እጇን አነሳች፤ ከዚያ እጇ መሀል ላይ ቀረና እሱ ደረት ላይ ወድቃ አለቀሰች። አፋንዴ አላቀቀቻቸው። እንደ ትናንቱ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ሙሀነድን በክርኑ ይዛ፣ ስልኩን በደረት ኪሷ ከትታ ወጣች። የቦዳ ሾፌሩ ሮሌክሱን ጨርሶ በዓይኑ ሸኛቸው።

ዛሂዳ ቦርሳቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡና ፍራሹ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ሲቲና ከትናንት ጀምሮ ያልሞላ ትንፋሿ አሁን ገና ደረቷን ሞላው። እናቷ እዚህ ናቸው፤ ማንም አይወስዳቸውም። ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች። ለቅሶ ደራሾቹ እሷን እያዩ ይንሾካሾካሉ፤ አገጯም፣ ልማድ ነውና፣ ቀስ በቀስ ወደ ኮርኒሱ ወጣ።

«አየሽ እማ?» አለች። «አፋንዴ ራሷ ያላየችውን! ካምፓላን ብትዞሪ እንዲህ አድርጎ የሚፈታ ሰው አታገኚም። ለኻሊዳ ደግሞ ሌላ ደወል እሠራላታለሁ፤ ይኸኛው...»

ዛሂዳ እጃቸው ላይ የቀረውን የሻይ ማንኪያ አዩት።

«ማንኪያዋ ዋይፋይ አትፈልግም ነበር» አሉ።